የአራስ ወተት «ቀጠነ» ብለን ወደ ጣሳ አንሩጥ

በቅርቡ ደብረ ማርቆስ አራስ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብዬ ሳልቀመጥ ዓይኔ የዱቄት ወተት ጣሳ ላይ አረፈ። የሕፃኑ አያት አይተውኝ «ምን እናድርግ ልጄ፣ ወተቷ ቀጥኗል፤ ውሃ ነው» አሉኝ። አራሷ አንገቷን ደፋች። አንጀቴን በላችው።

ወተቱ መቅጠኑ እውነት ነው። ሕፃኑ መጥባት ሲጀምር የሚወጣው ቀጠን ያለ ነው፤ ስቡ እየበዛ የሚመጣው ጡቱ እየተሟጠጠ ሲሄድ ነው። ቶሎ ነጥቀን ወደ ሌላኛው ጡት ካዞርነው ወፍራሙ ሳይደርሰው ይቀራል።

«ጣሳው ላይም እኮ ስብ አለው ይላል» የሚል አይጠፋም። አለው። በ100 ሚሊ ሊትር የእናት ወተት ውስጥ በአማካይ 4 ግራም ገደማ ስብ አለ፤ የጣሳውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሕፃኑ ከወተት ከሚያገኘው ጉልበት ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከዚሁ ስብ ነው። ልዩነቱ ያለው አሠራሩ ላይ ነው።

የአብዛኛው ጣሳ ስብ የሚዘጋጀው ከፓልም፣ ከኮኮናት፣ ከሱፍ፣ ከአኩሪ አተርና ከመሳሰሉት ዘይቶች ነው። አንድ የስብ ቅንጣት ፋቲ አሲድ የሚባሉ ሦስት የስብ ክፍሎችን ጎን ለጎን ይይዛል። ፓልሚቲክ የሚባለው አሲድ በእናት ወተት ውስጥ በብዛት መሃል ላይ ይቀመጣል፤ በፓልም ዘይት ግን ጫፍና ጫፍ ላይ። አንጀት የሚቆርጠው ጫፎቹን ነው። ከተቆረጠው ፓልሚቲክ ከፊሉ ካልሲየም ይይዝና ሳሙና ይሆናል። አዎ፣ ሳሙና! ስቡም ካልሲየሙም ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ ሰገራውም ይደርቃል። የእናት ወተት ደግሞ ስቡን የሚፈጭለትን ኢንዛይም ራሱ ይዞ ይመጣል። ኮሌስትሮልም አለው፤ በአትክልት ዘይት ብቻ በተሠራ ጣሳ ውስጥ ግን የለም ማለት ይቻላል።

የስቡ ዓይነት ወሳኝ መሆኑን ሕግ አውጪዎችም ያውቁታል። ለአንጎልና ለዓይን የሚያስፈልገውን ዲኤችኤ የተባለ የኦሜጋ 3 ስብ የአውሮፓ ኅብረት ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጣሳ ወተት ውስጥ ግዴታ አድርጎታል።

የእናት ምግብ የወተቷን የስብ መጠን ብዙም አይለውጥም፤ ዓይነቱን ግን ይለውጣል። ጎጃም ኑግ አያጣም፤ እሱ ኦሜጋ 6 በሚባለው የስብ ዓይነት የበለጸገ ነው። ኦሜጋ 3 ያለው ተልባ ላይ ነው፤ ዲኤችኤ ደግሞ በዋናነት አሳ ላይ። ጣና ቅርባችን ሆኖ አራስ ቤት አሳ አለመግባቱ ይቆጨኛል። ስብ ይጠቅማል ስል ግን ለጨቅላው ቅቤ አልሱት ማለቴ አይደለም። እስከ 6 ወር ከጡት በቀር ምንም አያስፈልገውም።

ጣሳ የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እናቱን ላጣ ወይም በሐኪም ለታዘዘለት ሕፃን ከላም ወተት እጅግ ይሻላል፤ ያንን የምትሰጥ እናት ልትወቀስ አይገባም። ቅሬታዬ የሕፃኑን አጠባብ እንኳ ሳናይ «ውሃ ነው» ብለን አራሷን በምናሳቅቀው በእኛ ላይ ነው።

ለእማማም ቁጭ ብዬ ይህንኑ ነገርኳቸው። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና፣ ጤና ጣቢያ ሲመዘንም ኪሎው ከጨመረ፣ ወተቱ በቅቶታል አልኳቸው። «እንግዲያው ነገ እናስመዝነው» አሉ። አራሷም ቀና አለች።