እርማት፦ የቪየና የገና ገበያ የሚደምቀው ከገና በፊት ነው

ወንድሜ፣ «የቪየናን የገና ገበያ በሙሉ ድምቀቱ ማየት የሚፈልግ ለዲሴምበር 25 ይድረስ» ያሉት ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ቢሆንም ትክክል አይደለም። ገንዘብ አጠራቅሞ፣ ቪዛ ጠብቆ የሄደ ሰው የተዘጋ ሱቅ እንዲቀበለው ስለማልፈልግ ላርመው።

ገበያው የአድቬንት፣ ማለትም ከገና በፊት ያሉት ሳምንታት ነው። በኖቬምበር አጋማሽ ይከፈታል። እንደ ሽፒተልበርግ ባሉ ሰፈሮች ያሉት ገበያዎች አብዛኛውን ጊዜ በዲሴምበር 23 ዕቃቸውን ይሸክፋሉ። በ24 ከሰዓት በኋላ ከተማው ጭር ይላል፤ ኦስትሪያውያን ዋናውን በዓል የሚያከብሩት በዚያው ምሽት፣ በየቤታቸው ነውና። በ25 እና 26 ከባቡር ጣቢያ ጥቂት ሱቆች በቀር ሱፐርማርኬት እንኳ ዝግ ነው። ከከተማው አዳራሽ ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ገበያ እስከ 26 ይቆያል፤ ግን የአድቬንቱ ግርግር ያን ጊዜ አልፏል።

እኔ የምመክረው በዲሴምበር መጀመሪያ፣ በሥራ ቀን መሄድ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ይመሻል፤ መብራቱ የሚያምረውም ያኔ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ግን መላወሻ የለም። ፑንሽ የሚባለውን ትኩስ መጠጥ ሲገዙ ዋጋው ከተለጠፈው ከፍ ቢልብዎ አልተጭበረበሩም፤ ለኩባያው ማስያዣ ተጨምሮ ነው። ኩባያውን ሲመልሱ ገንዘብዎን ይሰጡዎታል፤ የኩባያውን ሥዕል ከወደዱት ደግሞ ይዘውት መሄድ ይችላሉ።

ፈቃድዎ ከእኛ ገና ጋር የተያያዘ ከሆነ ፕራግን ያስቡ፤ የአሮጌው ከተማ አደባባይ ገበያ እስከ ጃንዋሪ 6 የመቆየት ልማድ አለው።