«የባርነት ታሪክ» ብቻ አይደለም

አፍሪካና ጥናት (Africana Studies) በአፍሪካና በመላው ዓለም ያሉ ጥቁር ሕዝቦችን ታሪክ፣ ባህልና ኑሮ የሚያጠና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው። አንድ ጸሐፊ በቅርቡ ይህን ትምህርት «ባርነትን አራት ዓመት መደጋገም» ማለቱ ደጅ ቆሞ ስለ ቤት ማውራት ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዬን አሜሪካ ውስጥ የሠራሁት በዚሁ ነው። ባርነቱም ቢሆን ዝም ብሎ አይተረክም። ሁለተኛ ዓመት ላይ የ1860 (እ.ኤ.አ.) የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ተሰጠን፤ የባሪያው ዕድሜ፣ ፆታና የቆዳ ቀለም ይሰፍራል፣ በስም የተጻፈው ግን ጌታው ነው። ከዚያ ከእነዚህ ስም አልባ ባሪያዎች አንዱን፣ ከነጻነት በኋላ በተካሄደውና የእነሱም ስም በሰፈረበት የ1870 ቆጠራ ፈልጉ ተባልን። ሦስት ሳምንት ለፍቼ ያገኘሁት «እሱ ሳይሆን አይቀርም» የሚባል አንድ ሰው ነው። የሄይቲ አብዮት (ባሪያዎች አምፀው ነጻ አገር የመሠረቱበት)፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሥነ ጽሑፍም አለ፤ ስታቲስቲክስ ሳይቀር ወስጃለሁ (ውጤቴን አትጠይቁኝ)። ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች በፈቃዳቸው ያመጡት ትምህርት አይደለም፤ በካሊፎርኒያ የሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ኮሌጅ ተማሪዎች ከ1968 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ አምስት ወር ገደማ አድማ መትተው ነው የጥቁሮች ጥናት (ያኔ ትምህርቱ የሚጠራው እንዲህ ነበር) ክፍል ያስከፈቱት። በጽሑፉ ሥር አስተያየት ሰጥተህ ትምህርቱን «ሥራ አያስገኝም» ላልከው ወንድሜ፦ «የአፍሪካና ምሩቅ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ እኔም አይቼ አላውቅም። አብረውኝ የጨረሱት ግን ሕግ፣ መምህርነትና ቤተ መዛግብት ገብተዋል። ከሌላ ሜጀር (ዋና የትምህርት ዘርፍ) ጋር አጣምሮ መውሰድም ይቻላል፤ እኔ ያንን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።