ወላጆቻችሁን ከሶፋው ላይ አስነሱ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው አይጥማችሁ ይሆናል። ወላጆቻችንን በፍቅር ስም እየጎዳናቸው ነው። በራሴ ቤት ያየሁት ስለሆነ ከራሴ እጀምራለሁ።

እማዬ ሰባውን አልፋለች። ከድሮ ሰፈራችን ስንነሳ የደረሰን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ድሮ ማለዳ ነጠላዋን ተከናንባ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች። ከዚያ የታመመ ትጠይቃለች፣ ለቅሶ ትደርሳለች፣ በጉሊት በኩል ዞራ ትመለሳለች። እግሯ አያርፍም ነበር። አዲሱ ቤት ከገባን በኋላ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። «እማዬ ተይው፣ እኔ አመጣዋለሁ።» «ደረጃው ይጥልሻል፣ አትውረጂ።» ሽንኩርቱን ሠራተኛዋ ትልጣለች፣ ቅዳሴውም በቴሌቪዥን ይመጣል። ዓመት ሳይሞላ ጉልበቷ ከዳት። አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ትጠይቀኝ ጀመር። እኔም «እርጅና ነው» ብዬ አለፍኩት።

እናንተም እንዲሁ ብላችሁ አልፋችሁ ይሆናል። «ጃጁ» ማለት ይቀለናል። እስቲ ንገሩኝ፣ አባታችሁ መጨረሻ ከግቢ የወጡት መቼ ነው?

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ሰውነት ከሚጠቀመው ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ያህሉን ለብቻው ይወስዳል። ይህን የሚያደርስለት ደም ነው። ተቀምጦ የሚውል ሰው ልቡ ይደክማል፣ ደም ግፊትና ስኳር ይቀርቡታል። ሁለቱም የአንጎልን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳሉ።

በ2011 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት አለ። ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 80 የሆኑ 120 ሰዎችን ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ በሳምንት ሦስት ቀን እስከ 40 ደቂቃ በእግራቸው ሄዱ። ሌሎቹ ሰውነት ማፍታታት ብቻ ሠሩ። ከዓመት በኋላ የሄዱት ሰዎች ሂፖካምፐስ፣ ማለትም ትውስታን የሚይዘው የአንጎል ክፍል፣ በ2 በመቶ ገደማ አድጎ ተገኘ። የሌሎቹ ቀነሰ። አንድ ጥናት ሁሉን አይወስንም፣ በእግር መሄድም የመርሳት በሽታን ይፈውሳል አልልም። ግን በ2024 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥር የተሰበሰቡ ባለሙያዎች፣ 14 ነገሮች ላይ ከተሠራ በዓለም ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል እንደነበር ገምተዋል። ከ14ቱ ውስጥ አለመንቀሳቀስ አለበት፣ ደም ግፊት አለበት፣ ብቸኝነትም አለበት። እማዬን አራተኛ ፎቅ ላይ ሳስቀምጣት ሦስቱንም አንድ ላይ ነው የሰጠኋት።

«ብትወድቅስ?» ትሉኛላችሁ። ፍርሃታችሁ ይገባኛል፤ በዚህ ዕድሜ ዳሌ ከተሰበረ ከባድ ነው። ግን ያልሠራ ጭን ይሟሽሻል፣ የሟሸሸ ጭን ደግሞ ሰውን ሶፋና መጸዳጃ ቤት መሃል ይጥላል። ይልቅ ክንዷን ይዛችሁ አብራችኋት ውረዱ። ከወንበር በእጇ ሳትደገፍ መነሳትን አለማምዷት። ዓመቱን ሙሉ የሚሰግዱ አዛውንቶችን አስተውላችኋል? ብዙዎቹ ሲነሱና ሲቀመጡ የሰው እጅ አይፈልጉም።

ውጭ አገር ያላችሁም አትለፉኝ። እናታችሁን ልጅ እንድትይዝላችሁ ወስዳችሁ በክረምቱ አፓርታማ ውስጥ ዘግታችሁባት ትውላላችሁ። መኪና አትነዳ፣ ቋንቋው አይገባት። ብርድ ከሆነ የገበያ አዳራሽ ውስጥ አዙሯት፣ ሞቃት ነው፣ ወለሉም ደልዳላ ነው።

እናንተም አባቶቼና እናቶቼ፣ «በቃኝ» አትበሉ። በ60 ዓመት ጡረታ የወጣው ሥራችሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለእናንተ ዕድሜ ቢያንስ በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስን ይመክራል፤ በቀን ሃያ ደቂቃ ትንሽ ቢያልፍ ነው። እያወራችሁ መሄድ የምትችሉበት፣ መዘመር ግን የሚከብዳችሁ ፍጥነት ይበቃል። ደረት የሚያፍን ወይም ራስ የሚያዞር ነገር ካለ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። ግራ መጋባቱ በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ከመጣ ግን እርጅና አይደለም። ቤተሰብ በፍጥነት ሐኪም ቤት ይውሰድ።

እማዬን መጀመሪያ ያወረድኳት እስከ ሦስተኛ ፎቅ ነበር። እዚያ ወንበር አስቀምጠን አርፋ ተመለሰች። በሳምንቱ ሁለተኛ ፎቅ ደረሰች። አሁን ጠዋት ጠዋት አብረን ወርደን እስከ ጉሊቱ እንሄዳለን። ሽንኩርቱን ራሷ ትመርጣለች፣ ራሷ ትከራከራለች፣ መልሱን ራሷ ትቆጥራለች። ያንኑ ነገር ደግማ የምትጠይቀኝ ቀን ዛሬም አለ። በዚያም ቀን ቢሆን እንወርዳለን።