«ቪኤም ላይ ሠርቷል» አትበሉን
ፒያሳ ፍላሽ ላይ የዊንዶውስ መጫኛ ስታስጭኑና «ይነሳል ወይ?» ስትሉ መልሱ አንድ ነው፦ «ቨርቹዋልቦክስ ላይ ተሞክሯል፣ ይሠራል።» ቨርቹዋልቦክስ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ምናባዊ ኮምፒውተር (ቪኤም) የሚያስነሳ ፕሮግራም ነው፤ ታዲያ ምኑ ነው የተሞከረው? ቅንብሩ ውስጥ «ኢኤፍአይ» የሚለው ሳጥን ካልተመረጠ ቪኤሙ የሚነሳው በአሮጌው ባዮስ (ኮምፒውተር በሚያስነሳው የድሮ ሶፍትዌር) ነው፤ የደንበኛው አዲስ ላፕቶፕ ደግሞ የባዮስን ተተኪ ዩኢኤፍአይን ብቻ ነው የሚያውቀው። ደግሞስ አይኤስኦው (የመጫኛው ፋይል) ቪኤሙ ላይ እንደ ሲዲ ስለተነሳ ፍላሹም ይነሳል ያለው ማነው? ፋት32 በሚባለው ፎርማት በተዘጋጀ ፍላሽ ላይ 4 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የሆነ ፋይል አይገባም፣ የዊንዶውሱ ዋና ፋይል «ኢንስቶል ዊም» ደግሞ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። ፍላሹን ራሱን ኪውኢሙ (ሌላ የቪኤም ፕሮግራም) ላይ እንደ ጥሬ ዲስክ፣ ምንም እንዳይጻፍበት «ስናፕሾት» የሚለውን አማራጭ ጨምሮ ማስነሳት ምን ይከብዳል? ለዊንዶውስ 11 ሁለት ጊጋ ራም ብቻ ሰጥቶ «ኢሜጁ (አይኤስኦው) ተበላሽቷል» የሚልም አለላችሁ! ዝቅተኛው 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ዲስክና ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደህንነት ቺፕ ነው እኮ። እውነት የተበላሸ ከሆነማ ሻ256ቱ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላው መለያ ኮድ) አሳታሚው ካወጣው ጋር ሲነጻጸር ይናገራል፤ መብራት ሲጠፋ ተቆርጦ የቀረ ዳውንሎድ መቼም አይገጥምም።