የቆዳ ሐኪሙ ከዓባይ ማዶ ነው

ባለፈው ክረምት መግቢያ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ከማቻከል ገጠር የመጡ እናት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት ገቡ። ከመቀነታቸው የፈቱት ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ ከግርጌው ጀምሮ እንደ ሰሌን የተጠቀለለ፣ ክዳኑ ጠፍቶ አፉ በላስቲክ የታሰረ ባዶ የቅባት ቱቦም አብሮ ወጣ። «ልጄ፣ ይችኑ ስጠኝ፤ ከተገኘች ሁለት አድርጋት» አሉኝ። በቱቦው ላይ ያለው ጽሑፍ ግማሹ ተፍቋል፤ የተረፈው ግን መድኃኒቱ ክሎቤታሶል መሆኑን ይናገራል። ለማን እንደሆነ ስጠይቃቸው ከኋላቸው ቆማ የነበረችውን ስምንት ዓመት የሚሆናት ልጅ ወደ ፊት ሳብ አደረጓት። በግራ ጉንጯ የጀመረው ጭርት ወደ ጆሮዋና ወደ አንገቷ ተዛምቷል። ጠርዙ እንደ ወትሮው ጭርት ክብ ሠርቶ የሚለይ አልነበረም፤ ደብዝዞና ተበታትኖ ከጤነኛው ቆዳ ጋር ተቀላቅሏል። ቱቦውን የሰጠቻቸው ጎረቤታቸው ናት፤ እሷም ለማድያቷ ብላ ከከተማ የገዛችው ነበር። «መጀመሪያማ አሽሏት ነበር» አሉ እናትየዋ፤ እውነታቸውን ነው።

ክሎቤታሶል በቆዳ ላይ ከሚቀቡት የስቴሮይድ መድኃኒቶች እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ማሳከኩንና መቆጣቱን በጥቂት ቀናት ያስታግሳል፤ ጭርቱን የሚያመጣውን ፈንገስ ግን አይነካውም፤ እንዲያውም የቆዳውን መከላከያ አዳክሞ መንገድ ይከፍትለታል። ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፣ ደም ሥሮችን ያጋልጣል፤ ሲያቆሙትም ፊቱ ከበፊቱ ብሶ ይቃጠላል። ያለ ሐኪም ማዘዣ ሊሸጥ የማይገባው መድኃኒት ለአንዲት ሴት ማድያት ተገዝቶ በሌላ ቤት ለሕፃን ጭርት ዋለ። በሁለቱም ቤቶች ሐኪም አልታየም።

ስለ ቆዳ ሕክምና ገበያ ሲነገር የሚነሣው የሌዘሩ ክሊኒክና የውበት ቅባቱ ነው። እኔ ገበያውን የማየው ከባንኮኒው ጀርባ ሆኜ ነው፤ ከዚያ ሆኜ ያየሁት ያስተማረኝን ነገር በግልጽ ልጻፈው። ጎጃም የቆዳ ስፔሻሊስት ገበያው ራሱ እስኪያመጣለት ከጠበቀ የዛሬዎቹ ሕፃናት አርጅተው ያልፋሉ። በየወረዳው ያሉትን ነርሶችና ጤና መኮንኖች ለቆዳ ሕክምና አሠልጥኖ ማሰማራት ግን አሁን ባለን አቅም ሊሠራ የሚችል ነገር ነው።

በመጀመሪያ የሕመሙን ስፋት እንይ። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ ምሥራቅ ጎጃም ብቻውን ከ2 ሚሊዮን 150 ሺህ በላይ፣ ምዕራብ ጎጃም ደግሞ ከ2 ሚሊዮን 100 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራቸው፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ምን ያህል እንዳደገ ማንም ይገምታል። በዚህ ሕዝብ መካከል እከኩ፣ ጭርቱ፣ ቆረቆሩ፣ ችፌውና እባጩ የዘወትር እንግዳ ነው። በ2008 ዓ.ም. ከኤልኒኖው ድርቅ ጋር ተያይዞ በአማራ ክልል እከክ በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ አይቨርሜክቲን የተባለው የእከክ መድኃኒት በዘመቻ እስከ መታደል ደርሶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እከክን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ዝሆኔ ነው። በእኛ ደጋና ወይናደጋ የሚታየው የእግር እብጠት ትንኝ የሚያመጣው ዓይነት አይደለም፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረውን ቀይ አፈር ለዓመታት በባዶ እግር በመርገጥ የሚመጣ ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ሲሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በጥናት አሳይቷል። በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ቤት ለቤት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት 51 ሺህ ያህል ሰዎች 3.3 በመቶው የዚህ በሽታ ተጠቂ መሆናቸውን አረጋግጧል። ከመቶ ሰው ሦስቱ ማለት በአንድ ሰንበቴ፣ በአንድ ዕድር፣ በአንድ የሠርግ ዳስ ውስጥ የሚታይ ቁጥር ነው። ሕክምናውም እግርን በሳሙና አጥቦ በረኪና ጠብ በተደረገበት ውኃ መዘፍዘፍ፣ አድርቆ ቅባት መቀባት፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። ይህን ለማስተማር ስፔሻሊስት አያስፈልግም፤ የተማረ፣ የማይጸየፍና በየሳምንቱ የሚመላለስ ሰው ግን ያስፈልጋል።

ሥጋ ደዌም አልጠፋም። አገሪቱ በየዓመቱ አሁንም በሺዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ሕሙማን ትመዘግባለች። መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ እንደ ዓይነቱ በ6 ወይም በ12 ወር ይጠናቀቃል። አደጋው መዘግየቱ ነው። የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ አንድ ነጣ ያለና ስሜት የሌለው ቆዳ ብቻ ስለሆነ ባለቤቱም ጎረቤቱም «ቋቁቻ ነው» ወይም «ለምጽ ነው» ብለው ያልፉታል፤ በዚህ መካከል ነርቭ ይጎዳል፣ ጣት ይታጠፋል። የሚለየው በጣም ቀላል በሆነ ነገር ነው፤ ሕመምተኛውን ዓይኑን አስጨፍኖ በጥቂት ጥጥ ቆዳውን ነካ ነካ ማድረግና ሲነኩት ይሰማው እንደሆነ መጠየቅ ነው። ጥጥ የሌለበት ጤና ጣቢያ አላውቅም፤ ጥጡን አንሥቶ ያን ጥያቄ የሚጠይቅ ባለሙያ ግን በየጤና ጣቢያው አላገኝም።

ታዲያ ሐኪሙ የት ነው? አዲስ አበባ ነው። ይህን የምለው ሐኪሞችን ለመውቀስ አይደለም። የቆዳ ሕክምና በጠባዩ ገበያ የሚያባብለው ሙያ ነው። የሌሊት ተረኝነቱ ትንሽ ነው፤ ሥራው በአብዛኛው በቀጠሮ፣ በተመላላሽ ክፍል ያልቃል፤ እንደ ቀዶ ሕክምና ሰፊ ክፍልና ብዙ ረዳት አይጠይቅም። ከዚህም በላይ የታካሚው ፍላጎት ከሕመም አልፎ ወደ ውበት ይሻገራል፤ ማድያት ማጥፋት፣ የብጉር ጠባሳ ማስተካከል፣ የሳሳ ፀጉር ማብቀል፣ ያልተፈለገ ፀጉር በሌዘር ማንሣት ሁሉ ከኪሱ የሚከፍልና ተመልሶ የሚመጣ ደንበኛ ያለው ሥራ ነው። የክሊኒኮቹ ማስታወቂያ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚጎርፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ ባሕር ዳርም ያንኑ ፈለግ እየተከተለች ነው። የሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ፣ በላዩ የስፔሻሊቲ ዓመታት ጨምሮ፣ ቤተሰብ መሥርቶ የሚኖር ሰው የደረጃውን ደመወዝ ብቻ በሚከፍለው የመንግሥት ሆስፒታልና በአንድ ከሰዓት በኋላ የደመወዙን ያህል በሚያገኝበት የግል ክሊኒክ መካከል ቢቆም ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። ጭርት የያዛት የማቻከል ልጅ በዚህ ገበያ ውስጥ ዋጋ የላትም፤ ገበያ እንደ ገበያ ቢሠራ ወደ እሷ የሚመጣበት ምክንያት የለውም።

ስለዚህ ሕመምተኛው ወደ ሐኪሙ ይሄዳል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደጀን ደርሶ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለ። አንድ ገበሬ ብቻውን አይሄድም፤ አስታማሚ ይይዛል፣ አልጋ ይከራያል፣ ለክትትል ከወር በኋላ ተመለስ ይባላል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት የተነሣ ደግሞ መንገዱ በየጊዜው ይዘጋል፤ ቀጠሮ የያዘ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ቀጠሮው ያልፋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ትልቅ እፎይታ ነው፤ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የእኛው ደቡብ አቸፈር ነበር። ነገር ግን መድኑ የሚከፍለው ተቋሙ ለሚሰጠው አገልግሎት ነው፤ ባለሙያ በሌለበት ተቋም የመድን ደብተር ይዞ የቆመ ሰው መጨረሻው ወደ እኔ ባንኮኒ መምጣት ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ድርሻ መናገር አለብኝ። እኛ መድኃኒት ቤቶች ክፍተቱን በቱቦ ሞልተነዋል። ያለ ማዘዣ የማይሸጠውን ሸጠናል፤ ሦስት መድኃኒት በአንድ የተቀላቀለበትን ቅባት «ለሁሉም ይሆናል» ብለን ሰጥተናል። ከባንኮኒው ውጭም በየሱቁና በየገበያው የሚሸጡ፣ ውስጣቸው ስቴሮይድ ወይም ሃይድሮኪኖን የተባለው ቆዳ የሚያነጣ ኬሚካል፣ አንዳንዶቹም ሜርኩሪ ሊኖራቸው የሚችል የማቅያ ቅባቶች አሉ፤ ከዐረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችንም ይዘዋቸው ይመጣሉ። ሜርኩሪ ኩላሊትን እንደሚጎዳ ለገዢዋ የሚነግራት የለም። ተቆጣጣሪው መጥቶ ሱቅ ቢያሽግ ለአንድ ሳምንት ነው፤ ማድያቷን የሚያይላት ባለሙያ እስካልተገኘ ድረስ ሴትዮዋ ቅባቱን ከሌላ ሱቅ መግዛቷ አይቀርም። ቁጥጥሩ ይጥበቅ፤ እኔም እደግፈዋለሁ፤ ግን ከባለሙያው ጋር አብሮ ይምጣ።

ባለሙያውን ከየት እናመጣለን ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከጎረቤት አለ። በታንዛኒያ ሞሺ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1992 የተከፈተው የቆዳ ሕክምና ማሠልጠኛ ማዕከል ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎችን ተቀብሎ በሁለት ዓመት የቆዳና የአባላዘር በሽታዎች ባለሙያ አድርጎ ያስመርቃል፤ ተመራቂዎቹም ወደየአገራቸው የገጠር ሆስፒታሎች ተመልሰው ይሠራሉ። አካሄዱ ለእኛም ባዕድ አይደለም። እናቶች በቀዶ ሕክምና እጦት ሲሞቱ ይህች አገር ስፔሻሊስት እስኪበዛ ልጠብቅ አላለችም፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ጤና መኮንኖችን በድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና በማዋለድ በማስተርስ ደረጃ አሠልጥና ወደ ወረዳ ሆስፒታሎች ላከች። በዓይን ሕክምናና በአእምሮ ጤናም ነርሶችን አሠልጥና አሰማርታለች። በሆድ ላይ ቢላ እንዲያሳርፍ የታመነ ጤና መኮንን ጭርትን ከችፌ እንዲለይ ለማመን ማመንታት አይገባም።

የቆዳ ሕክምና ለዚህ ዓይነቱ አሠራር ከሌሎች ዘርፎች ይልቅ ይመቻል። ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው የቆዳ ሕመም በአብዛኛው በጥቂት ዓይነቶች ውስጥ ይጠቃለላል፤ ሕመሙ በዓይን ይታያል፤ መድኃኒቱም በአብዛኛው ርካሽ ነው። ለስፔሻሊስቱ የሚቀረው ናሙና ተወስዶ መመርመር ያለበት፣ ሰውነትን የሚያሳብጥና የሚልጥ የመድኃኒት መቆጣት፣ የቆዳ ካንሰር፣ ከፍተኛ ክትትል የሚሻ ሶሪያሲስ (ቆዳ እየወፈረ የሚቀረፍበት ሕመም) እና የመሳሰለው ነው። በደብረ ማርቆስ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በቋሚነት የሚቀመጡና በየወሩ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ሞጣ የሚወጡ ሁለት ስፔሻሊስቶች፣ ከበታቻቸው በየወረዳው የሠለጠነ ሰው ቢኖራቸው፣ ዛሬ በከተማ ክሊኒክ ከሚያገለግሉት ሕዝብ ብዙ እጥፍ ያገለግላሉ። የተጠራጠሩትን ቁስል በስልክ ፎቶ አንሥቶ መላክም ኔትወርክ ባለበት ቀን ይረዳል። ሥልጠናው ግን በእኛው ቆዳ ሥዕሎች መሆን አለበት፤ የውጭ መጻሕፍት «ቀይ ሽፍታ» የሚሉት በጠይም ቆዳ ላይ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ መሆኑን ያልተማረ ሰው በሽታው ፊቱ ቆሞ ያልፈዋል።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው «ግማሽ የተማረ ባለሙያ አደጋ ነው» የሚለው ነው። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ ሆኖም የምናነጻጽረው ከስፔሻሊስት ጋር መሆን የለበትም፤ ዛሬ በቦታው ያለው ጎረቤት ያዋሰችው ቱቦ ነው። ሁለተኛው «እነሱም ተምረው ከተማ ይገባሉ» የሚለው ነው። ይህ በከፊል እውነት ስለሆነ አመራረጡ ከወረዳው ተወላጆችና በወረዳው ከኖሩት መካከል ይሁን፤ ፈቃዱ በመንግሥት ተቋም ለተወሰኑ ዓመታት ማገልገልን ይጠይቅ፤ ከዚያ በኋላ ለማስተርስ የሚያድጉበት በር ይከፈትላቸው። ደረጃ የሌለው ሥራ ላይ ማንም አይቆይም፤ ጎጃሜም ቢሆን።

መድኃኒቱም ሊታሰብበት ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ቅባት ሁሉ ዋጋው ተሰቅሏል። ለእከክ የሚሆነው የድኝ ቅባትና 6 በመቶ ቤንዞይክ አሲድ ከ3 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ ጋር የሚቀላቀልበት፣ ለጭርትና ለዝሆኔ እግር የሚውለው የዊትፊልድ ቅባት ግን እዚሁ ሊቀመሙ የሚችሉ ናቸው። ሚዛን፣ ማሸጊያ፣ ቫዝሊንና የሠለጠነ ፋርማሲስት ይበቃቸዋል። ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ የመቀመሚያ ክፍል ቢከፈት ለየወረዳው ጤና ጣቢያ ማዳረስ ይቻላል፤ እኔም ከሥራ ሰዓቴ ውጭ ሄጄ ለመቀመም ዝግጁ ነኝ።

እናትየዋን ክሎቤታሶሉን እንዲያቆሙ ነገርኳቸው፤ ጭርቱ ጆሮዋ ዘንድ ደርሶ ስለነበር ልጅቷን ለሆስፒታሉ እንዲያሳዩ ወረቀት ጻፍኩላቸው። ወረቀቱን ግራና ቀኝ ካዩት በኋላ «እዚያ የቆዳ አለ?» ብለው ጠየቁኝ።