ፍላሼን ማን ያዘው?

ኮምፒውተሬ መቶ በመቶ አለኝ። አረንጓዴው መስመር ከዳር እስከ ዳር ሞላ፣ ትንሿ መስኮት ራሷን ዘጋች፣ መገልበጡ መጠናቀቁን የሚያበስር መልእክት ከላይ ብቅ ብሎ ጠፋ። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ልጠይቅ ነበር? ማኅተም? ሦስት ምስክር?

ነገሩን ከሥሩ ላውራው። ባለፈው ወር የአጎቴ ልጅ ወደ ዋሽንግተን ሊበር ነበርና፣ እዚያ ላለችው አክስታችን የእህቴን የሠርግ ቪዲዮ በፍላሽ እንዲያደርስልን ተስማማን። አክስቴ ከሥራዋ ፈቃድ አጥታ ለሠርጉ መምጣት አልቻለችም። ስለዚህ ያ ፍላሽ ለእርሷ ቪዲዮ ብቻ አይደለም፤ ሠርጉ ራሱ ነው። ቪዲዮ ቀራጩ በሦስት ፋይል ከፍሎ ሰጥቶናል፤ ፍላሹ የተዘጋጀበት ፋት 32 የተባለው አሠራር ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልምና። አንደኛው የእኛ ቤት፣ ሁለተኛው አዳራሹ፣ ሦስተኛው መልሱ። በድምሩ 9 ጊጋባይት ገደማ።

እኔ ቤት ያለው ኮምፒውተር የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት ነው። ማንም አላስገደደኝም፣ ወድጄ ነው የገባሁበት፤ ይህ ደግሞ ብሶቴን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም። ታክሲው ታች ቆሟል። የአጎቴ ልጅ በየሁለት ደቂቃው ይደውላል። ሃያ ደቂቃ ያህል ከጎተተኝ በኋላ መቶ በመቶ አለ። ነቀልኩት፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወርጄ በመስኮት አቀበልኩት።

ከአራት ቀን በኋላ አክስቴ ደወለች። «ልጄ፣ ሠርጉን አየሁት፣ አልቅሼም ጠገብኩ። መልሱ ግን የለም። መልስ ሳትጠሩ ቀራችሁ እንዴ?» ድምፅዋ ውስጥ ትንሽ ነቀፋ ነበረበት። በሬ ተጥሎ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ ሦስት መቶ ሰው የበላበት መልስ! ለእርሷ ምን ብዬ ላስረዳ? መልሱማ ተጠርቷል፤ የቀረው እኔ ቤት፣ ኮምፒውተሬ ራም ውስጥ ነው።

አዎ፣ ራም ውስጥ፤ ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው በሚይዝበት ማኅደር። ሊኑክስ ፋይል ወደ ፍላሽ ሲገለብጥ መጀመሪያ ራሙ ላይ ያኖረዋል፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ ወደ ፍላሹ ያወርደዋል። ማንም ካልነካካው ነጻ ከሆነው ራም እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ያልተጻፈ መረጃ ተሸክሞ ሊቆይ ይችላል። 16 ጊጋባይት ራም ላለው ሰው ይህ ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል። የእኔ ዓይነት ርካሽ ፍላሽ በሰከንድ 5 ሜጋባይት ቢጽፍ፣ 3 ጊጋባይቱን ለመጨረስ አሥር ደቂቃ ይፈልጋል። እንግዲህ ያ «መቶ በመቶ» ፍላሹ ላይ ደርሷል ማለት አልነበረም፤ ከእጅህ ተረክቤሃለሁ ማለት ነበር። መርካቶ ላይ ጭኖ ገና ሞተር ያላስነሳ መኪና፣ ዕቃው ደብረ ብርሃን ገብቷል ብሎ ደረሰኝ እንደ መቁረጥ ነው።

አሠራሩን አልጠላሁትም። ብልህ አሠራር ነው፤ ዘገምተኛውን ፍላሽ እየጠበቁ ሌላው ሥራ እንዳይቆም ይረዳል። ያንገበገበኝ ውሸቱ ነው። ምክንያቱም ማሽኑ እውነቱን ያውቀዋል! ፕሮክ በተባለው ማውጫ ሥር ሜምኢንፎ የሚል ፋይል አለ፤ እርሱን ብትከፍቱት ደርቲ እና ራይትባክ የሚሉ ሁለት መስመሮች ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ገና ተራውን የሚጠብቀውን፣ ሁለተኛው አሁን በመጻፍ ላይ ያለውን በኪሎባይት ይነግራችኋል። ቁጥሩ እዚያው ተቀምጧል፤ አረንጓዴው መስመር ግን ዞር ብሎ አይጠይቀውም። የሊኑክስ እምብርት የሆነው የከርነሉ ሠሪዎች ራሳቸው ይህንኑ የፍላሽና የራም ጣጣ እ.ኤ.አ. በ2013 አንስተው ተከራክረውበታል። እኔ ዘንድ መስመሩ ዛሬም ይዋሻል።

ይህን ብሶት ለጓደኞቼ ሳወራ ደግሞ የሚመጣው መልስ አንድ ነው፤ «እኔ ሁልጊዜ ዝም ብዬ ነው የምነቅለው፣ ምንም ሆኖብኝ አያውቅም»። ወንድሜ፣ አንተ ዊንዶውስ ላይ ነህ። ዊንዶውስ 10 ከ2018ቱ የጥቅምት እትም ጀምሮ ለፍላሾች የመረጠላቸው ፈጥኖ መንቀልን ነው፤ መረጃውን ራም ላይ አያከማችም፣ ስለዚህ መገልበጡ ቢዘገይም አለቀ ሲልህ አልቋል። ያም ሆኖ በመጻፍ ላይ እያለ ብትነቅለው አንተም ታለቅሳለህ።

ይሁን፣ ጥፋቱን ግማሹን ልውሰድ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔም ለቀማ ገባሁ። ዛሬ የጎረቤታችን ልጅ ወደዚያው ስለምትበር መልሱን በአዲስ ፍላሽ ልልክ ትናንት ማታ ተቀመጥኩ። ገለበጥኩ፣ ጠበቅኩ፣ እንደ ጨዋ ሰው ዩማውንት አልኩ፤ ፍላሹን በሥርዓቱ ፈትቶ የሚያሰናብት ትእዛዝ ነው። (ትእዛዙ «አንማውንት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አንዲት ፊደል ጎድላዋለች፤ አሟልቶ የጻፈ ሰው «እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለም» ይባላል። ስንቱ ጀማሪ እዚያች ላይ ወድቋል።) የመጣው መልስ፦ ሥራ ላይ ነው።

ማን ሥራ አሰጠው? ቪዲዮ ማጫወቻውን ዘጋሁ። ሥራ ላይ ነው። የፋይል መስኮቶቹን ሁሉ ዘጋሁ። ሥራ ላይ ነው። ጉዳይ ለማስፈጸም ሄዳችሁ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? የትኛው ስብሰባ፣ ከማን ጋር፣ መቼ ያልቃል ብሎ መጠየቅ የለም። እንደዚያ ነው። ቀደም ባሉት እትሞች ይህ መልእክት ቢያንስ «በእነዚህ ትእዛዞች ፈልጉ» የሚል ጥቆማ በቅንፍ ያስከትል ነበር፤ አሁን እርሱንም ነፍገውናል። በመጨረሻ ማን እንደያዘው የሚያጋልጠውን፣ ፊውዘር የሚባለውን ትእዛዝ ቪ እና ኤም የሚሉ ምልክቶች ጨምሬ ላክሁት። ፍላሹን የያዘው ትእዛዝ የምጽፍበት መስኮት፣ ተርሚናሉ ነበር። የእኔው ተርሚናል! ፋይሎቹ መድረሳቸውን ላረጋግጥ ወደ ፍላሹ ማውጫ ገብቼ ሳልወጣ ቀርቼ፣ እዚያው ውስጥ ቆሜ ነው በሩን ዝጋ የምለው።

ይህን ያወቅኩት ግን ሌላ ጥፋት ከሠራሁ በኋላ ነው። ፊውዘር ትዝ ከማለቱ በፊት አንድ ምክር አንብቤ ነበር፤ ዩማውንት ላይ ኤል የምትለዋን ምልክት ብትጨምር እሺ ይልሃል የሚል። እሺ አለኝ፣ በቅጽበት። ለካ ፍላሹ በችንካር የታሰረች በቅሎ ነው ብንል፣ ያቺ ምልክት በቅሎዋን አትፈታትም፤ ከዓይን ነው የምትሰውራት። ስሟ ከዝርዝሩ ይጠፋል፣ ገመዱ ግን ከችንካሩ ጋር እንዳለ ነው፤ የያዛት እስኪለቃት ድረስ በትክክል አትዘጋም። እኔ ምስኪን ጠፋች ብዬ ነቀልኩ። መልሼ ስሰካው፣ ኤስዲቢ ይባል የነበረው ፍላሽ ኤስዲሲ ሆኖ መጣ፤ የድሮውን ስም ተርሚናሌ አልለቅ ብሏላ። ከርነሉም መዝገቡ ላይ «ይህ ክፍል በሥርዓቱ አልተፈታም፣ መረጃው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፣ በኤፍኤስሲኬ አስመርምረው» ብሎ ጻፈልኝ። ልጽፍበት ስል ደግሞ ለንባብ ብቻ ሆነ። እንግዲህ ተርሚናሉን ዘግቼ፣ ፍላሹን እንደገና ፈትቼ፣ በኤፍኤስሲኬ አስጠግኜ፣ መልሼ ሰክቼ... ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት።

ያም አልቆ መልሱ በሰላም ገባ። በፋይል መስኮቱ «በሰላም አስወግድ» የሚለውን ተጫንኩ፣ አሁን መንቀል ትችላለህ ተባልኩ፣ ደስ አለኝ። ጠዋት እናቴ ቡና እያፈላች፣ «ፎቶዎቹንም ጨምርላት እንጂ» አለች። ፍላሹ እንደተሰካ ነው፣ አልነካሁትም። ኮምፒውተሩ ግን አያውቀውም። ከዝርዝሩ የለም፣ የተሰኩትን ዲስኮች በሚዘረዝረው ትእዛዝ፣ ኤልኤስቢኤልኬ ብዬ ብጣራ የለም፣ መብራቱም ጠፍቷል። ለካ ሁለት ዓይነት ስንብት አለ። «በሰላም አስወግድ» ከሚለው ጎን ለጎን፣ መፍታት ብቻ የሚል አለ፤ እርሱን ከመረጣችሁ ፍላሹ ዝርዝሩ ላይ ይቆያል፣ በአንድ ጠቅታ ይመለሳል። «በሰላም አስወግድ» ግን ኃይሉን ጭምር ይቆርጥበታል፤ ከዚያ በኋላ በእጅ ነቅሎ ከመሰካት በቀር ቀላል መመለሻ የለውም። የፊት መሰኪያዎቼ ከተበላሹ ዓመት አልፏቸዋል። ስለዚህ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ፣ በስልክ መብራት፣ በሸረሪት ድርና በገመድ መካከል ኋላውን ዳሰስኩ። ዩኤስቢ ደግሞ አንድ ጊዜ ገልብጠው ሳይሞክሩት አይገባም፤ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም። እናቴ ከላይ ሆና፣ «ምን ጠፋብህ?» ትለኛለች። ምን ልበላት? ያልነቀልኩትን ልሰካ ነው?

አሁን ፎቶዎቹ እየገቡ ነው፤ ማለቴ፣ አረንጓዴው መስመር ገብተዋል ካለኝ ስድስት ደቂቃ ሆነው። አላመንኩትም። በአንዱ ተርሚናል ዩማውንት ብያለሁ፤ ምንም ሳይናገር ፈዞ ቆሟል፣ ይህ ግን የደግ ዝምታ ነው፣ የቀረውን እየጻፈ ነው። በሌላው ተርሚናል ሜምኢንፎን በየሰከንዱ እያየሁ ይህን እጽፋለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ሻንጣዋ ተጭኗል፤ አባቷ ሁለት ጊዜ በሩን አንኳኩተው፣ «አልደረሰም እንዴ?» ብለውኛል።

ደርቲ የሚለው 210 ሺህ ኪሎባይት ይላል። 190። 185።

ታች ጥሩምባ ተነፋ። ይነፋ።