እርማት፦ አምበር ውስጥ ያለችው ጉንዳን ተመልሳ አትፈጠርም

«አካሏ ሙሉ ስለሆነ ከዲኤንኤዋ ጉንዳኗን መልሶ መፍጠር ይቻላል» ለሚለው፦ አይቻልም። አምበር የደነደነ የዛፍ ሙጫ ነው። መልክን ያቆያል፤ ዲኤንኤ ግን በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ይበጣጠሳል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) «አገኘን» ያሉ ነበሩ፤ ሌሎች ሲደግሙት ግን አልሠራም። በ2013 ደግሞ ገና አምበር ባልሆነ ሙጫ ውስጥ ባሉ ንቦች ላይ ተሞከረ። እሱም ባዶ!

መልኩ ግን ጉድ ነው። ምያንማር በተገኘው፣ 99 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠረው አምበር ውስጥ «የሲኦል ጉንዳኖች» የሚባሉ አሉ (ስሙ ትንሽ ይበዛባቸዋል)። የዛሬ ጉንዳን መንጋጋውን ከግራና ከቀኝ ይገጥማል። የእነዚህ ግን ከታች ወደ ላይ ነው የሚዘጋው። አንዷማ ያደነችውን ነፍሳት በመንጋጋዋና በግንባሯ ቀንድ መሃል እንደቀረቀረች ሙጫው ደርሶባታል።